ወተቴን የጠጣችው አጥቂ

እናቴ ሁለት ጡት ነበራት፤ ሁለቱም የኔ መሆን ነበረባቸው። ግራውን በቱል ወሰደችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ በተወለድኩ ሰሞን ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን አክስቴ ራቂያ በቱልን ወለደች። ደም አንዛመድም፤ በኛ ሰፈር የጎረቤት እናት ሁሉ አክስት ናት። ራቂያ በወሊዱ ታማ ተኛች፣ ወተቷም ደረቀ፤ የልጅቷ ለቅሶ ግድግዳውን አልፎ ይሰማ ነበር። እናቴ ህኒያ ደግሞ የሰው ልጅ ሲያለቅስ ሰምታ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም፤ ችላ የምትለው የራሷን ልጅ ለቅሶ ነው። ሄዳ ታቅፋት መጣችና ከኔ ጎን ለጠፈቻት። እስከ ዛሬ እየሳቀች ታወራዋለች። "አንቺ በቀኝ፣ እሷ በግራ። አንቺ ትነክሺ ነበር። እሷ ግን፣ ወላሂ፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብላ ነበር የምትጠባው።"

ይታያችሁ፣ ጥርስ ሳላበቅል ነካሽ ተብዬ ነው ያደግኩት።

ዛሬ በቱልን አገር ያውቃታል። ዋና ከተማው ራባት ውስጥ ደመወዝ እየተከፈላት ኳስ የምትጫወት አጥቂ ናት። እዚህ በከተማችን በሳፊ ደግሞ ከወደቡ ጀምሮ እስከ ሸክላ ሠሪዎቹ ኮረብታ ድረስ ስሟ ከሰው አፍ አይጠፋም። ሰው እየመጣ ስለ ልጅነቷ የሚጠይቀው እኔን ነው። "ሰልዋ፣ አብራችሁ ነው ያደጋችሁት አይደል? እስቲ ንገሪን" ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ። ስነግራቸው ፊታቸው ይለዋወጣል፤ የምጠላት ይመስላቸዋል። አልጠላትም። እወዳታለሁ፣ እቀናባታለሁ። ሁለቱ አንድ ሆድ ውስጥ አይኖሩም ያላቸው ማን ነው?

በኛ ሰፈር ሊጡ ቤት ይቦካና በእንጨት ሰሌዳ ተደርድሮ ወደ ሰፈሩ ምድጃ ይላካል። የሁለቱን ቤት ዳቦ የምናመላልሰው እኔና በቱል ነበርን። እኔ ሰሌዳዬን በሁለት እጄ ጥፍንግ አድርጌ ይዤ፣ እንቅፋት እንዳይመታኝ መሬት መሬት እያየሁ እሄዳለሁ። እሷ ሰሌዳውን አናቷ ላይ ጣል ታደርግና በእግሯ ያገኘችውን ሁሉ እየነዳች ቁልቁለቱን ትወርደዋለች፤ ብርቱካን በላት፣ የጠርሙስ ክዳን በላት፣ አንድ ቀንማ መስጊድ በር ላይ የወለቀ የሰው ጫማ። ድመት ትዘላለች፣ የታሰረ አህያ በጎን ታልፋለች፣ ዳቦው ንቅንቅ አይልም። ምድጃው ላይ የሚሠሩት ሽማግሌ "ይቺ ልጅ ከአንገቷ በላይ ጨዋ፣ ከወገቧ በታች ሰይጣን ናት" ይሉ ነበር። ዳቦ የሚወድቀው የኔ ነው፤ ያውም በሁለት እጄ ይዤው።

ባሕሩ ሲሸሽ አሸዋው ይጠነክራል፤ ወንዶቹ እዚያ ላይ ይጫወታሉ፤ እኛም ገባን። ያኔ እኔ እበልጣት ነበር። ይሄን የሚያምነኝ ሰው የለም፣ ግን እውነት ነው። ፈጣን ነበርኩ፣ አብዶኛም ነበርኩ፣ ሁለት ሦስት ወንድ አታልዬ አልፍ ነበር። በቱል ምንም የማይደረግበት ቦታ ሄዳ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች። እኔ ለፍቼ፣ ወድቄ ተነስቼ፣ ጉልበቴ ተልጦ እመታለሁ፤ በረኛው ይተፋዋል፤ ኳሱ የት ሄዶ ያርፋል? እሷ እግር ስር! ዝም ብላ ትገፋዋለች። ጎል! ከዚያ "በቱል! በቱል!" ይባላል። የኔን የተላጠ ጉልበት ያየ የለም።

ትምህርት ቤት ስንገባ የስፖርት መምህርታችን አሰልጣኝ ፋዲላ የሴቶች ቡድን አቋቋመች። የመጀመሪያው ቀን ደርድራ አየችንና በቱልን "አጥቂ"፣ እኔን "ተከላካይ" አለች።

"እኔ እኮ አጥቂ ነኝ" አልኳት።

"አንቺ ቁጡ ነሽ ሰልዋ። ቁጣሽ ከኋላ ይጠቅመናል።"

"እሷስ?"

"እሷ መጠበቅ ታውቃለች።"

መጠበቅ ደግሞ ችሎታ ሆነና! እርር ድብን ብዬ ቤት ገባሁ። እናቴ ከሰርዲን ፋብሪካ መጥታ እጇን በሎሚ እያሸች ነበር። ስነግራት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

"አልሐምዱሊላህ! ልጄ አጥቂ ሆነች!"

"ተከላካይ ነው የሆንኩት እማ።"

"አንቺን ማን አለሽ? በቱልን ነው የምልሽ።"

ታኬታም የተገዛው መጀመሪያ ለሷ ነው። የበቱል አባት ሲ ቡሸይብ፣ 'ሲ' በኛ አቶ ማለት ነው፣ ሸክላ ሠሪ ናቸው፤ ሥራው በቀዘቀዘበት ክረምት የልጅቷ አውራ ጣት ሸራ ጫማዋን ቀዶ ወጣ። እናቴ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ አንድ ቀን ብርቱካንማ ታኬታ ይዛ መጣች። እግሬን ዘረጋሁ። "ያንቺ ጫማ ገና ደህና ነው" አለችኝ፣ በበራችን አልፋ ወደ ጎረቤት ሄደች። ስትመለስ "ከልጅ ልጅ ቢለዩ ዓመትም አይቆዩ" አልኳት። "እኔ መቼ ለየሁ? ሁለታችሁም ልጆቼ ናችሁ" አለች። እሱን እኮ ነው ያልኩት! ልጅሽ አንድ ናት፣ እኔ ነኝ፣ እሷ የራሷ እናት አላት። ይሄን ጮክ ብዬ ብናገር በጥፊ እባላ ነበር፣ እና ዋጥኩት።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው። ከኔ በብዙ ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ ጀዋድ ሰው ላይ ቀንቶ አያውቅም። በባለ ሦስት እግር ሞተር ከወደብ አሳ የሚያመላልስ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ ለጠየቀው ሁሉ "እሺ" የሚል ልጅ ነው። በቱል ስትጫወት ሜዳ ድረስ በነፃ የሚያደርሳት እሱ ነው። እኔን? እኔ በእግሬ እሄዳለሁ፤ እህቱ ነኛ።

ትምህርቱ ሲያልቅ እኔ ኳሱን ተውኩና እናቴ የምትሠራበት ፋብሪካ ገባሁ። የተከላካይ ዕጣ ይሄ ነው፤ ማንም አይፈልግሽም። በቱል የከተማችን ክለብ ገባች። ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነበሩ፤ ሜዳው ሰው ሠራሽ ሣር ነው፣ ነፋሱ ከባሕር ሲመጣ ኳሱን ወደ መንገድ ይወስደዋል። መጀመሪያ ላይ አጥሩ ላይ ተደግፈው ሱፍ እየፈለጡ የሚስቁ ወንዶች ነበሩ። "ሂጂ ወጥሽን አማስዪ!" ይሏታል። አንድ ቀን ከማዕዘን የመጣ ኳስ በቴስታ አስገብታ ዞር አለችና "ወጡ ደርሷል፣ ኑ ብሉ!" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ሱፋቸውን ይዘው በየሳምንቱ ይመጡ ጀመር። ያቺ ቀልድ የኔ ነበረች። ፋብሪካ ውስጥ ለአንዱ ኃላፊ የተናገርኩትን ሰምታ ነው የወሰደችው። የቀልዷ ዝና ግን ለሷ ቀረ።

ጎል እያገባች፣ እያገባች፣ ቡድኑን ወደ ላይ ይዛው ወጣች። በዚያው ክረምት ከራባት የአንድ ትልቅ ክለብ ሰዎች መጥተው አይተዋት ሄዱ፤ ተመልሰው መጥተው ደግሞ አባቷ ቤት ሻይ ጠጡ። ደመወዝ፣ ማደሪያ፣ ሐኪም፣ ሁሉም አለ። ልትፈርም ብቻ ነው። ሲ ቡሸይብ ሻዩን አስጠጥተው፣ እንግዶቹን እስከ ታክሲ ሸኝተው፣ ተመልሰው በር ዘጉ።

"ብቻዋን ራባት ሄዳ ማን ሊጠብቃት?" አሉ። ግድግዳው ስስ ነው፣ ሁሉም ይሰማኛል። "ወንድም የላት። አጎት የላት። የቡሸይብ ልጅ የትም ታድራለች እንዲሉኝ? ወንድም ቢኖራት እሺ። አግብታ ብትሄድም እሺ፣ የባሏ ጉዳይ ነው። እንዲሁ ግን ከዚህ በር አትወጣም።"

በቱል ስትለምን አልሰማሁም። ለመለመን አልተፈጠረችም። ክለቡ መልሷን በቶሎ ይፈልግ ነበር፤ የውድድሩ ዘመን ሊጀመር ነው፤ ካልመጣች ሌላ አጥቂ ይወስዳሉ።

አሁን ነው እንግዲህ እናቴ የተነሳችው። በዚያው ሳምንት ከፋብሪካ ስንመለስ መንገድ ላይ ክንዴን ይዛ አቆመችኝ፤ ፊቷ እንደ ረመዳን ጨረቃ በርቶ።

"ሰልዋ፣ ለምን ጀዋድ አያገባትም?"

ክንዴን ከእጇ አላቀቅኩ።

"አስቢው እስቲ! እኔ ያጠባኋት ልጅ የኔው ቤት ገባች ማለት ነው። ከሰው አገር ሰው ቤት ከምትሄድብኝ!"

"ራባትስ?"

"ጀዋድ ራባት ምን ይሠራል? ሥራው እዚህ ነው። ሚስቱም እዚሁ ትሆናለች። ኳስ ተጫውታ ጠገበች እኮ፣ እድሜ ልኳን ልትሮጥ ነው? እኔ ጋ ትሆናለች።"

ጀዋድ ሲጠየቅ እንደ ልማዱ "እሺ" አለ፤ እስከ ጆሮው ቀልቶ። ሲ ቡሸይብ ደስ አላቸው። አክስቴ ራቂያ ብቻ ትንሽ አመነታች። "ህኒያ፣ አጥብተሻት የለም እንዴ?" አለቻት። እናቴ ሳቀች። "የጠባችው ከሰልዋ ጋር ነው! ጀዋድ እኮ ያኔ ከሰፈር ልጅ ጋር ድንጋይ ይወራወር ነበር፤ ጡት ከተወ ስንት ዘመኑ!" በሃይማኖታችን ጡት የተጋሩ አይጋቡም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያምነው ግን በአንድ ጊዜ አንድ ጡት ላይ የተገናኙ ብቻ ናቸው ወንድምና እህት፣ ከዚያ በፊት የጠባው አይቆጠርም። ራቂያም "እሱስ እውነትሽን ነው" ብላ ሳቀች። ለዓርብ ከዓሱር ሶላት በኋላ ጋብቻውን የሚያጸናው ፋቲሐ ሊቀራ ተቆረጠ።

በቱልን ሰገነት ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት።

"ታገቢዋለሽ?"

"እማ ከፈለገች..."

"እማ አትበያት!"

"ታዲያ ምን ልበላት?"

"እንደ ሰው አክስቴ ህኒያ በያት! ራባትስ? ኳስሽስ?"

የአባቷን ሸሚዝ ይዛ ውሃው እስኪያልቅ ጠመዘዘችው። አልቆም ጠመዘዘችው። "እሷን እምቢ ብዬ በየት ዓይኔ አያታለሁ?" አለች። "ካልሲዬን ሳይቀር የገዛችልኝ እሷ ናት።"

"አውቃለሁ፣ የኔን ካልሲ ከልክላ ነው።"

ሳቋ መጣ፤ ወዲያው ግን ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። በሕይወቷ የሠራችው ሁሉ፣ ከዚያ ዳቦ ከተሸከመችበት ቁልቁለት ጀምሮ፣ ዓርብ ከሰዓት ሊያበቃ ነው። አዘንኩላት? አዎ፣ ለትንሽ ጊዜ። ከዚያ ወደ ቤት ስወርድ እናቴ የቁም ሳጥኔን ግማሽ አራግፋ ልብሴን አልጋዬ ላይ ቆልላው አየሁ። "ለበቱል ቦታ ላዘጋጅላት ብዬ ነው" አለች። ያኔ ማዘኔ ጥርግ ብሎ ጠፋ። ይቺ ልጅ ልትመጣብኝ ነው! ጠዋት ስነሳ ማዕድ ቤት ውስጥ እናቴ ጎን ቆማ ላገኛት ነው። እናቴ ስትታመም እግሯን የምታሽላት እሷ ልትሆን ነው፤ እናቴ ስትሞት እንኳ ከኔ በላይ ልታለቅስብኝ ነው!

ሐሙስ ዕለት ፋብሪካ ውስጥ የሰርዲን አንገት እየቆረጥን ሴቶቹ ስለ ሠርግ ያወሩ ነበር። ከፊት ለፊቴ የምትሠራ ምባርካ የምትባል ሴት ስለ አጎቷ ልጅ አነሳች። አግብታ፣ ወልዳ፣ ከርማ፣ በኋላ የባሏ እናት በልጅነቷ እንዳጠባቻት ታወቀና ትዳሩ ፈረሰ አለች።

"ከባሏ ጋር ነዋ የጠባችው" አልኳት።

"ኧረ የለም! ከታናሽ ወንድሙ ጋር ነው።"

"እንግዲያ ምን አገናኛቸው?"

"አንቺ ደግሞ! ጡቱ የሴትየዋ አይደል? ያጠባችው ልጇ ናት፣ የወለደቻቸው ሁሉ ወንድሞቿ ናቸው። የፊቱም፣ የኋላውም። ቃዲው ፊት ቀርበው ነው የተነገራቸው።"

ቢላዬ እጄ ላይ ቆመ። አሳው ሲከማችብኝ ተቆጣጣሪዋ ጮኸችብኝ፣ አልሰማኋትም።

ለእናቴ ልንገራት አልንገራት ስል አመሸሁ። ብነግራት ምን እንደምትለኝ አውቀዋለሁ፤ "ቅናት ነው" ትለኛለች፣ እውነቷንም ነው፤ ከዚያ በኋላ ነገሩ ልክ ይሁን አይሁን ማንም አያጣራውም። የቀናተኛ ሰው እውነት ማን ይሰማዋል? ስለዚህ ማጣራት ያለበት ሰው ባለበት ልጠይቅ ብዬ ቆረጥኩ።

ዓርብ የጥሎሹን ዕቃ፣ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለውን ሾጣጣ ስኳር፣ ሂናውን፣ የበፍታውን ጨርቅ ተሸክመን በር ለበር ወደ እነ በቱል ቤት ገባን። ጀዋድ አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ላብ አጥምቆታል። በቱል አረንጓዴ ቀሚስ አልብሰዋታል፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ጉልበቷን ገጥማ መሬት መሬት ታያለች። አክስቴ ራቂያ ቴምርና ወተቱን ይዛ ዞረች። ፋቲሐውን ሊቀሩ የተጠሩት የሰፈራችን ሼህ ማእቲ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ እጃቸውን ዘረጉ፤ ሁላችንም እጃችንን ዘረጋን።

"ሼህ፣ ከመቅራትዎ በፊት አንድ ጥያቄ ነበረኝ" አልኩ።

እናቴ ጎኔን ቆነጠጠችኝ።

"ጠይቂ ልጄ።"

"ሴት ልጅን ያጠባቻት ሴት ምኗ ናት?"

"እናቷ።"

"የእናቲቱ ልጆችስ?"

"ወንድምና እህቶቿ ናቸዋ። ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?"

"አብሯት የጠባው ብቻ ነው? ወይስ ሁሉም?"

"ሁሉም! ቀድሞ የተወለደውም፣ ኋላ የተወለደውም።"

ራቂያ ወተቱን እንደያዘች ቆመች። የሲ ቡሸይብ ቴምር አፋቸው ደጃፍ ላይ ቀረ። ሼህ ማእቲ ሞኝ አይደሉም፤ ፊታችንን አንድ በአንድ አዩት።

"እዚህ ቤት ውስጥ ማን ማንን አጥብቷል?"

እናቴ ወሬው ገና አልገባትም ነበር። የገባት ስለ ማጥባት መጠየቁ ብቻ ነው። ደረቷን ነፋች።

"እኔ ነኛ!"

"ማንን?"

"በቱልን! ግራ ጡቴ ሙሉው የሷ ነበር። ከገዛ ልጄ አስበልጬ ነው ያጠባኋት፣ ይቺ ሰልዋ ምስክሬ ናት! ቆማ እስክትሄድ ድረስ!"

ሼሁ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጉልበታቸው መለሱ። "ህኒያ፣ አንቺ ልጅሽን ለልጅሽ ልትድሪ ነው የመጣሽው" አሏት።

ወይ ጉድ! አንዷ ጎረቤት ሳቋን በሻሿ አፈነችው፣ ሌላዋ "አስተግፊሩላህ" አለች። እናቴ እኔን አየችኝ።

"ቀንተሽ ነው" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አዎ፣ ቀንቼ ነው። ሐሰት ግን አልተናገርኩም።"

በጥፊ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ቁጭ አለች፣ አለቀሰች፤ ትንሽ ቆይታ ቀና ብላ ሼሁን ጠየቀቻቸው። "ታዲያ በቱል በሸሪዓም ልጄ ናት ማለት ነው?"

"ልጅሽ ናት።"

"ማንም አይፍቀውም?"

"ማን ይፍቀዋል? የጠጣችውን ማን ያወጣዋል?"

እናቴ ተነስታ በቱልን አቀፈቻት። "ምራት ትፈታለች፣ ልጅ ግን አትፈታም!" እያለች እልል አለች፣ እዚያው ላይ፣ ከለቅሶዋ ጋር። እኔ ከቤቴ ላስወጣት ብዬ በዘላለም ማኅተም አስገባኋት። ጎበዝ ሰልዋ!

ከዚያ ያልጠበቅነው ሰው ተናገረ። ጀዋድ በዚያ ነጭ ጀለቢያው ቆሞ፣ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ "ሲ ቡሸይብ፣ ወንድም የላትም ብለው ነበር። ይኸው እኔ አለሁላት። ራባት እኔ እወስዳታለሁ፣ እዚያው ሥራ ፈልጌ አጠገቧ እሆናለሁ" አለ። ሲ ቡሸይብ ወደ ሼሁ ዞሩ። ሼሁ ትከሻቸውን ሰበቁ፤ "ወንድሟ ነው፣ ምን ይከለክለዋል?" አሉ። እንግዲህ ሲ ቡሸይብ በአንደበታቸው "ወንድም ቢኖራት እሺ" ብለዋል፤ ሸክላ ሠሪ ቃሉን አያጥፍም። ለሠርግ የታሰበው ምግብ ለመሸኛ ተበላ።

እኔ የተናደድኩት በምን እንደሆነ ልንገራችሁ? ለሚስት ብሎ ከሳፊ የማይወጣው ወንድሜ ለእህት ብሎ ወጣ። ሰፈሩ "እህቱን ሊያገባ የነበረው" እያለ ሊያላግጥበት ስለነበር ሽሽትም አለበት፣ አልክድም። ቢሆንም ለኔ እኮ እስከ አውቶብስ መናኸሪያ እንኳ ሸኝቶኝ አያውቅም! እናቴን ወሰደች፣ ወንድሜን ጨመረች፣ እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን፤ እናቴም ብትሆን አልቀረችልኝም፤ ዓይኗ ስልኩ ላይ ነው።

በቱል ፈረመች። የመጀመሪያው ዓመት ቀላል አልነበረም። እዚያ ያሉት ሴቶች ከልጅነታቸው በሣር ሜዳ ላይ ያደጉ ናቸው፤ እሷ ከአሸዋና ከቁልቁለት የመጣች። ትገፋለች፣ ትወድቃለች፣ ብረት አንሺ ትባላለች፣ ታለቅሳለች፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ ጃኬት ለብሳ ትቀመጣለች። ጀዋድ ገበያ ውስጥ አሳ ይሸጣል፤ ማታ ማታ ደውሎ "ዛሬም አልገባችም" ይለናል። እናቴ እራት አትበላም። እኔ እበላለሁ፤ ደስ እያለኝ ነበር፣ ምን እደብቃችኋለሁ? ግን ደስታው ውሎ አያድርም፤ እናቴ ጦም እያደረች ጉንጯ ሲሟሽሽ "ይቺን ልጅ ለምን አያስገቧትም!" ብዬ ስልኩ ላይ የምጮኸው እኔው ነኝ።

በኋላ አስገቧት። አንዷ አጥቂ ተጎድታ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ገባች፣ ኳስ ከበረኛ ተመልሶ መጣላት፣ ገፋችው። ከዚያ ወዲህ አልወጣችም።

በሁለተኛው ዓመት እኔና እናቴ በአውቶብስ ሄደን ልናያት ቻልን። ስታዲየሙ ግማሹ ሞልቷል፣ የሰው ሁሉ አፍ የሷን ስም ይጠራል። በቴስታ አንድ አገባች። እናቴ አጥሩን ይዛ "ልጄ! ልጄ!" እያለች ስትጮህ አጠገባችን የነበረች አንዲት ሴት "ልጅዎ ናት እንዴ?" አለቻት።

"ልጄ ናት!"

"ይቺኛዋስ?"

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ፣ መኖሬ አሁን ትዝ እንዳላት ሁሉ። "እሷም" አለች።

እሷም! ካሁን በኋላ ከዚህ የከፋ ቃል አልሰማም አልኩ በልቤ።

ጨዋታው ሲያልቅ በቱል ወደ አጥሩ መጣች። እናቴ በሻሿ ጫፍ ላቧን ጠረገችላት፣ ሳመቻት፣ "ከስተሻል" አለቻት፤ ያንን ጡንቻ እያየች! ከዚያ በቱል አንገቴን ስባ ጆሮዬ ላይ ተጠጋች።

"አንድ ያልነገርኩሽ ነገር አለ" አለችኝ። "ጀዋድ ወንድሜ እንደሆነ አውቅ ነበር። ገና ወሬው ሲነሳ አሰልጣኝ ፋዲላ ነግራኛለች።"

"ምን? ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እኔ ብናገር እማ 'ቤቴን ጠላች፣ ሰበብ ፈለገች' ብላ ልቧ ይሰበር ነበር። አፌ እምቢ አለ።"

"እና ምን ልትሆኚ ነበር?"

"አንቺን እየጠበቅኩ ነበር። ሰልዋ እኔን ቤቷ ከምታስገባ ምድር ገልብጣ የሆነ ነገር ታመጣለች አልኩ።"

"ባላመጣስ? ሼሁ እጃቸውን ዘርግተው ነበር እኮ!"

"አንቺ? ዝም ልትዪ?" ብላ ሳቀች። ከልቧ ነበር የሳቀችው፤ እንዳልተጠራጠረች አየሁባት። እናቷ አላዳነቻት፣ አባቷ አላዳኗት፣ የኔ እናት ያን ሁሉ ወዳት ልትቀብራት ነበር፤ እሷ ግን ሕይወቷን በሙሉ አምጥታ እኔ ላይ ጥላ ቁጭ ብላ ጠበቀች። ያውም ደግነቴ ላይ አልነበረም፤ ቅናቴ ላይ ነው። ማንም ሰው፣ የወለደችኝም ብትሆን፣ እንዲህ ተማምኖብኝ አያውቅም። ለካ በቅናቴም ያተረፈችው እሷ ናት! ደሜ ፈላ፣ ዓይኔ ደግሞ ምን እንደነካው እንጃ፣ እንባዬ ዱብ ዱብ አለ።

እናቴ መሀላችን ገባች። "ምን ሆነሽ ነው? ማን ነው ያስለቀሰሽ?" አለችኝ።

"ልጅሽ" አልኳት።